የእናትህ ድርሻ

ልጄ ሮቤራ፣ ዋቃዮ በሰው አገር ይጠብቅህ። ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ዛሬም በቆሎዬን ራሴ እኮተኩታለሁ፣ ይህንንም በእጄ ጻፍኩት።

የቡርቃ ጃቶውን ቤት ለእህትህ ለኢቢሴ ልናዘዝ አራት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠራሁ። እናትህን አስታማ የቀበረች፣ እኔንም የምትጦር እሷ ናት። ኑዛዜው ሲነበብ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ኦቦ መገርሳ፣ «ግማሹ እኮ የሟች ሚስትህ ነው፤ የሚወርሱት ሁለቱ ልጆቿ ናቸው። የሰው ድርሻ ትሰጣለህ እንዴ?» አለኝ። «ቤቱን የሠራሁት እኔ!» ብዬ ጮህኩ። «ጭቃውንስ ማን አቦካ?» ሲለኝ ወረቀቱን አጠፍኩት፤ ሳንፈርም ተበተንን።

አንተ በስልክ «ኋላ ቤቱ ይሸጣል» ያልከውን አልረሳሁም። ድርሻህን ለኢቢሴ መልቀቅህን ኤምባሲ ሄደህ አስጽፍና ላክልኝ። ይህን ትእዛዝ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ድርሻው ያንተ ነውና ልመና ነው። እጅህ የያዘው ሁሉ ይባረክ።

አባትህ ዋቅጅራ