የገለባ ባርኔጣ ትል አይገድልም

ለታላቅ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ሚስትህ ሳሎማስ ከአራስ ቤት ወጥታ በረታች? ሕፃኑስ እንቅልፍ ይሰጣችኋል? እኔ፣ ጌታ ይመስገን፣ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ባሌ ቤኑኤልም ደህና ነው፤ ወገቡን ቢያመውም አረሙ አላስቀምጥ ብሎት ማሳ ውስጥ ይውላል።

በአንድ አጥር ተለያይተን እየኖርን ምን ደብዳቤ ያስጽፋታል ትል ይሆናል። መጥቼ ብናገር እጮሃለሁ፤ ከጮህኩ ደግሞ ለዲያቆን ኤኖስ ሌላ ክስ ይሆንልሃል። «ጽፈሽ ስጪው፣ ወረቀት አይጮህም» ያለኝ ባሌ ነው። ይኼኛው ከጮኸም ይጩህ።

ዲያቆኑ ትናንት መጥቶ ነበር። ጋሪውን ደጃችን አቁሞ ስለ ዝናቡ ሲያወራ ቆየና፣ «እህቴ፣ ወንድምሽን ከእኛ ወገን ባልሆኑ፣ እኛ እንግሊዞች በምንላቸው ሰዎች ፊት አዋርደሻል። እሁድ በጉባኤው ፊት ተንበርክከሽ ካልተናዘዝሽ ከማዕዳችን ትለያለሽ» አለኝ። የተናገርኩት ውሸት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጢሙን እያሻሸ «ጉዳዩ እሱ አይደለም» አለኝ። እንግዲያ ጉዳዩ ምንድን ነው ወንድሜ?

ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። ሳሎማ አራስ ሳለች በእሷ ፋንታ መንገድ ዳር ካለው መሸጫህ አብሬህ ቆሜ የሸጥኩልህ እኔ ነኝ። ያቺ ነፍሰ ጡር የከተማ ሴት መጣች። ቲማቲሙን አንስታ እያሸተተች «ኦርጋኒክ ነው አይደል? ለልጄ ስል ኬሚካል የነካው ነገር አልቀምስም» አለችህ። አንተስ? ባርኔጣህን ዝቅ አድርገህ «እኛ እኮ አሚሾች ነን፣ እመቤቴ» አልካት። በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ! አልዋሸህም፣ አውቃለሁ። አንተ መቼ ትዋሻለህ! እሷው ራሷን እንድታታልል መንገዱን ጠርገህ ሰጠሃት እንጂ።

ሴትዮዋ ደስ ብሏት ከረጢቷን ስትሞላ ሆዷን አየሁና መቻል አቃተኝ። «ይህ ማሳ በዚህ ሳምንት መድኃኒት ተረጭቷል፤ አንቺ የምትፈልጊው ዓይነት አይደለም» አልኳት። ቲማቲሞቹን አንድ በአንድ መልሳ ሄደች። ያኔ «ምን አገባሽ! አንቺን የሚያጠፋሽ ይኼ ምላስሽ ነው!» ብለህ ጮህክብኝ። አንተ ስትጮህ ዲያቆን አይጠራም።

ያናደደኝ መርጨትህ አይደለም። አባታችንም ይረጭ ነበር፤ ግማሹ ጎረቤታችንም ይረጫል። የእኛ የአሚሾቹ ቤተ ክርስቲያን በትራክተር አትረሱ፣ የመብራት ሽቦ ቤት አታስገቡ ትላለች እንጂ ስለ ተባይ መድኃኒት ያለችው የለም። ከተሜዎቹ ግን በበቅሎ ስናርስ አይተው ሁሉን ነገር አዳም እንዳበቀለው የምናበቅል ይመስላቸዋል። በቅሎዎችህ መርጫውን ሲጎትቱ መኪናቸውን አቁመው ፎቶ ያነሳሉ፤ ከበቅሎዎቹ ኋላ ያለውን በርሜል የሚያይ የለም። ይህን አንተም ታውቃለህ። ሰሌዳህ ላይ ባርኔጣና ጋሪ ያሳልከው ለምን ሆነና! የገለባ ባርኔጣ ትል አይገድልም ወንድሜ።

እኛ ቤት ትል የሚገድለው የቤኑኤል ጣት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከድንቹ ቅጠል ላይ ጥንዚዛ በእጃችን እየለቀምን ቆርቆሮ ስንሞላ፣ «እናንተ የጥንዚዛ እረኞች» እያልክ በአጥሩ ላይ ስትስቅብን አልነበር? ተቆጣጣሪው መጥቶ አፈራችንን መርምሮ የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀቱን ሰጠን። ምን ያደርጋል! ቤኑኤል ሰሌዳ ላይ ጋሪ መሳል ጉራ ነው ብሎ እምቢ ስላለ፣ መኪናው ሁሉ እኛን አልፎ አንተ ጋ ይቆማል። አልቀናሁም ብል ውሸቴን ነው። ቀንቻለሁ፤ አንጀቴ አሯል።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ሳሎማ ከማርገዟ ጀምሮ በበቆሎው መሃል ተደብቃ በጓሮ በር ትመጣለች። «የእኛ ኪያር ገና አልደረሰም» ትለኛለች። የእናንተ ኪያር በሳጥን በሳጥን ሲጫን በመስኮቴ እያየሁ «እሺ እህቴ» እላታለሁ። ቲማቲሙን፣ ፎሶሊያውን፣ ቀይ ሥሩን ቅርጫቷን ሞልቼ እሸኛታለሁ። አንድ ቀን፣ ሆዷ ገፍቶ ሳለ፣ በዋናው መንገድ ብትሄጂ አይቀልልሽም ወይ ብላት ፊቷ ቀልቶ «በዚያ በኩል እንዳትመጪ ብሎኛል» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። ነፍሰ ጡር ሴት አትጨቀጨቅም። አሁንም ልጁን እያጠባች መምጣቷን አልተወችም።

እሁድ ጉባኤውም ከዚያ በኋላ ያለው ማዕድም በተራችሁ እናንተ ቤት ነው። እንበረከካለሁ። ስለ ቁጣዬና ስለ ቅናቴ እናዘዛለሁ፤ እነሱ ኃጢአቶቼ ናቸው። ለዚያች ሴት እውነቱን ስለመንገሬ ግን አልናዘዝም። ከማዕዱ ልትለዩኝ ከፈለጋችሁም ለዩኝ። በማዕዱ ላይ የሚቀርበው ኪያር ከማን ጓሮ እንደተቀጠፈ ሳሎማ ታውቀዋለች።

ጌታ ቤትህን ይባርክ። ሕፃኑን ያሳድግልህ፤ ለሳሎማ ወተቷን ያብዛላት። ማሳህን ምን ብዬ እንደምመርቀው ጨንቆኛል፤ ብቻ ዝናብ አይንሳው። ተቆጣሁህ እንጂ አልጠላሁህም።

የሳሎማ ቅርጫት ሞልቶ በረንዳዬ ላይ ተቀምጧል። እንደ ወትሮው ስጦታ ነው። ከእንግዲህ ግን በጓሮ በር አልሰጥም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መኪኖቹ ሰሌዳህ ሥር ሲሰለፉ፣ አንተው ራስህ በዋናው መንገድ መጥተህ ተሸክመህ ውሰድላት።

ታናሽ እህትህ