ሲያማትር ስለተያዘው ባለቤቴ

ለተከበሩ ጓድ እሱባለው
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ጅማ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ በፊት ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን አላህን እለምናለሁ፤ የእኛ ቤት እንቅልፍ ከጠፋ ሰንብቷልና ቢያንስ አንዳችን እንተኛ። ቢሮዎ ድረስ ደጋግሜ መጥቼ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ስብሰባ ላይ ነዎት ስላሉኝ፣ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ስል ይህን ደብዳቤ ሁሉም በሚያነበው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

እኔ ለጢፋ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግነው የቲጃኒ ባለቤት ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ በቀበሌው አዳራሽ በቴሌቪዥን ያየነውን ቀልድ አይረሱትም፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ የደፋ አንድ ቂል፣ በሬዲዮ ከአውስትራሊያ ሰው ጋር የሚያወራ መስሎት ከአጥሩ ወዲያ ካለችው ከገዛ አማቱ ጋር ምስጢር ሲያወጋ ያመሸበት ነው። እርስዎ እንባዎ እስኪፈስ ሲስቁ አይተን እኛም ደስ ብሎን ነበር። ሰውየው «አማተር ሬዲዮኛ» ተብሎ ሲጠራ ግን ሳቅዎ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ቀላቅዬ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በቅድሚያ ለአማርኛ ዕውቀትዎ ያለኝን አድናቆት ልግለጽ። አማተር ማለት የሚያማትር ነው፣ የሚያማትር ደግሞ ሰላይ ነው ብለው በመተርጎምዎ፣ ባለቤቴ «ወደ ባዕድ አገር ሲያማትር የተገኘ» ተብሎ ሰኞ ጠዋት ከሱቁ ተወስዷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የሰላይ ሚስት መሆኔን የሰማሁት አጋሮ ያለችው እህቴ እንኳ ከሰማች በኋላ ነው። መምህር ገብረሥላሴን ብጠይቃቸው፣ ቃሉ የፈረንጅ እንደሆነና ያለ ደመወዝ ለፍቅሩ ብሎ የሚሠራ ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። በዚህ ፍቺ ከሆነ ባለቤቴ አማተር መሆኑን አልክድም፤ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲጠግን የኖረው ለእናንተ ፍቅር ብቻ ነው።

፪ኛ. የአብዮት ጥበቃው ጓድ ፈይሳ ሲደርስ፣ ቲጃኒ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ «አሎ፣ አሎ፣ ይሰማል?» ሲል እጅ ከፍንጅ መያዙ እውነት ነው። ይናገርበት የነበረው ግን ያው የእናንተው ድምፅ ማጉያ ነበር፤ እርስዎ ራስዎ ለሐሙስ ስብሰባ ይድረስልኝ ብለው የላኩት። በስብሰባችን ላይ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ማንም አልመለሰለትም።

፫ኛ. አንቴና ነው ተብሎ ከግቢዬ የተቆረጠው ሽቦ የልብስ ማስጫ ነው። በላዩ ተሰጥተው የነበሩት የልጆቼ ሸሚዞችም አብረው ተይዘዋል። ብርዱ ስለበረታ፣ ምርመራቸው እንደተጠናቀቀ በዋስ ቢለቀቁልኝ ውለታዎን አልረሳም።

፬ኛ. አማቴ እማማ ዘይቡ አማርኛ አይሆንላቸውም። ደጃፍ ተቀምጠው ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር «ሙጫን ኮ ማል ጎዴ?» ይሉኛል፤ ልጄ ምን አደረገ ማለታቸው ነው። የእርስዎን «አማተር» ወደ ኦሮምኛ ባዞረው አልዞር አለኝ። ሰው ሁሉ በሳቀበት ቀልድ ታሰረ ብላቸው ደግሞ አብዳለች ይሉኛል። ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህን በትሕትና የማቀርብበት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ወላሂ ልቤ አሯል፣ ልጃቸውን ይፍቱላቸው።

ለትዕግሥትዎ፣ ለአማርኛዎና ለቀልድ ወዳድነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሰውዬዬ እስኪመለስ ከደጅዎ የማልጠፋው፣

ለጢፋ
የአማታሪው ሚስት

ማስታወሻ፦ ከአዲስ አበባ የመጣ የቡና ጫኝ ሹፌር እንደነገረን፣ በሚመጣው ቅዳሜ ቀልድ ላይ የሚወጣው የሕዝብ ስኳር አልጋው ሥር የሚደብቅ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው። እርስዎን እንደማይመለከት አውቃለሁ። ሆኖም ጓድ ፈይሳ ቴሌቪዥን አያመልጠውምና፣ ምናልባት ከተወሰዱ ምግብዎ አያሳስብዎ፤ ስንቅ ማመላለሱን ስለለመድኩት የእርስዎንም አብሬ አደርሳለሁ።