ጫማ ልጠብቅ አልመጣሁም

ማክሰኞ

ዛሬም ጫማ ጠባቂ አደረጉኝ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ።

"አዲስ የገባ ሰው ጫማ ይጠብቃል፤ ሥርዓቱ ነው" አለኝ አሠልጣኝ ግርማ። ሥርዓቱን አልጠላሁትም። ካራቴ የሚሠራው በባዶ እግር ነው፤ ጫማ ሁሉ የሚወልቀው የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ነው፤ በሩ አይዘጋም፤ ጠባቂ ከሌለ ጫማ እግር አውጥቶ ይሄዳል። ይገባኛል። ግን ከእኔ በፊት የገባው ዳንኤል የጠበቀው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከእሱ በፊት የገባውም እንደዚያው። እኔ ጋ ሲደርስ ሥርዓቱ ሥር ሰደደ።

ደሜን ያፈላው ሌላም ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች የለበሱትን ነጭ ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። በልብስ ስፌት ማኅበራችን አቡጀዲውን ቆርጬ፣ ብብቱ እንዳይተረተር ደርቤ፣ የማን ሱሪ የት ላይ እንደሚቀደድ ሳይቀር አስቤ። የራሴንም ሰፍቻለሁ። እሱን ለብሼ የዳንኤልን ሸራ ጫማ ሳሸት አመሻለሁ። ከራሴ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ስለ ሴቶች ተሳትፎ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር አለ።

ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን ግርማ አንቱታ አያገኝም።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። "አንቺ እዚያ ጋ" ሲለኝ ከመናደዴ በፊት እፎይ ብያለሁ። ያ ሁሉ ወንድ እያየኝ እግሬን ማንሳት! ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ጩኸቱ ነው። ቡጢ በሰነዘሩ ቁጥር ከሆዳቸው "ኪያ!" ይላሉ። እኔ እንደዚያ መጮህ አልችልም። የመጣሁት ግን ለእሱ ነው። ሰኔ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ሰፈሬ ወደ ቡልቡላ በሚወስደው የባሕር ዛፍ መንገድ ስሄድ አንድ ሰውዬ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። አህያ የሚነዱ ሰዎች ብቅ ባይሉ ኖሮ እንጃ።

ቡጢው ቢቀርብኝም ግድ የለኝም። ድምፄን ነው የምፈልገው።

ሐሙስ

አዲስ ሰው መጣ! ረዥም ጎረምሳ፣ ስሙን አልያዝኩም። ግርማ አፉን ሳይከፍት ከጫማው ተነስቼ የኋለኛው ሰልፍ ውስጥ ገባሁ። ጎረምሳው በሥርዓቱ መሠረት ወደ በሩ ተላከ። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ሲቆሙ እንዳየኋቸው ቆምኩ።

ምን ያደርጋል። "ቀኝ እጅ!" አለ ግርማ፤ ሁላችንም ወደ ፊት ሰነዘርን። "ግራ እጅ!" አለ። የሁሉም እጅ ወደ ፊት ሄደ። የኔ ወደ ላይ ወጣ። ቡጢዬን ጨብጬ፣ ከራሴ በላይ፣ ልክ እሑድ ስብሰባ ላይ መፈክር ስናሰማ እንደምናደርገው። አፌም "ይውደም!" ሊል ተከፍቶ ነበር።

ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። የቀበሌው የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ ጓድ ታደሰ ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ተቀምጧላ። በመፈክር እጅ ማን ይስቃል? የግርማ ፊት አመድ መሰለ።

ሲያልቅ ጓድ ታደሰ ጠራኝ።

"ጓድ፣ በአብዮቱ መፈክር ታላግጫለሽ?"

"ኧረ በፍጹም። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።"

"እጅሽ የራሱ አቋም አለው?"

እሑድ ስብሰባው ላይ ለሕዝቡ ታስረጃለሽ አለኝ። ካላሳመንኩ ከሥልጠናው እሰናበታለሁ፤ ሌላው በኋላ ይታያል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። እኔስ ምን አልኩ? "እሺ።" ያን ሁሉ ሰምቼ "እሺ"! ግርማ አጠገባችን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ያ ክር ያን ያህል ጊዜ የሚፈጅ አይደለም።

ዓርብ

መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ሁለቴ። ከእኔ ጋር የሚቆርጡት እትዬ የሺ ነገሩን በሙሉ አስወጡኝ።

"ይቅርታ በይና ዝም በይ፣ ልጄ። ካልጠፋ ነገር ወንድ መሃል ምን ያራግጥሻል? የሴት ልጅ ድምፅ ከጎረቤት አይሰማም ተብለን አይደል ያደግነው?"

"እሑድ እሑድ ጩኹ ስንባል እንጮህ የለም እንዴ፣ እትዬ?"

"እሱማ የመንግሥት ጩኸት ነው" አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ይህችን ቃል ሳላምጥ ዋልኩ። ለካ ድምፅ አለኝ። ግን የውሰት ነው።

እሑድ ምን ልበል?
እጄን አሞኝ ነው። (ውሸት።)
ግራና ቀኙ ጠፍቶብኝ ነው። (ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ማን ያምነኛል?)
ይቅርታ። (ስለ ምኑ?)

ቅዳሜ

ግርማ ማኅበራችን ድረስ መጣ። የሚሰፋ ቀበቶ ይዟል። ቀበቶው ሰበብ ነው።

"ስለ ነገው ነገር" አለኝ፣ ዙሪያውን እያየ። "ጥፋቱን ውሰጂው። 'ተሳስቻለሁ፣ ዳግመኛም ወደ ሥልጠናው አልመጣም' ብትያቸው ነገሩ ይበርዳል። አለበለዚያ አዳራሹን ይከለክሉናል። ለሌሎቹ ስትይ።"

ለሌሎቹ ስል! ሌሎቹ ለእኔ ሲሉ አንድ ቀን ጫማ ጠብቀዋል? የሚያስፈራውን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ በዚህ ዘመን የማይፈራ የለም። ግን ፍርሃቱን ጠቅልሎ እኔን ማሸከሙ አናደደኝ። ይህን ግን አልነገርኩትም። ቀበቶውን መልሼ እጁ ላይ አደረግሁና "ሥራ በዝቶብናል" አልኩት። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን እስከ ማታ ደስ አለችኝ። ራቴን መብላት ግን አልቻልኩም።

እሑድ

የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁሉ መጨረሻ ጠራኝ። አዳራሹ ሞልቷል። ጫማ የምጠብቅበት ቦታ ላይ ሳይቀር ሰው ቆሟል።

ተነሳሁ። አፌን ከፈትኩ። ምንም። ልክ እንደ ሰኔው። የፊተኛው ወንበር ላይ ጓድ ታደሰ እግሩን አነባብሮ ያየኛል። ዞር ስል ግርማ ጣሪያውን ያያል፤ ያ ጣሪያ ላይ ምን እንዳለ እንጃ። ያኔ አንድ ነገር ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ደረሰ። ንዴት ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ጀመርኩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ከዚህ ስብሰባ ቀርቼ አላውቅም። 'ግራ እጅ' በተባለ ቁጥር እጄን ወደ ላይ አንስቻለሁ። ሐሙስ ዕለትም 'ግራ እጅ' ተባለ፤ ተነሳ። ይህን ማን አስተማረው? እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አይደለም ወይ የተማረው? ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ ነበር እኮ መጠየቅ የነበረብኝ።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ "እውነቷን ነው" አሉና ሳል ጨመሩበት። ሊቀመንበሩ ጓድ ታደሰን አየ። ጓድ ታደሰ ጫማውን አየ። ሊቀጡኝ ቢሉ የሚቀጡት የገዛ መፈክራቸውን ነው። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና "ጓዳችን ያሳየችው ንቃት ምሳሌ የሚሆን ነው" አለ። ተጨበጨበልኝ። ቀጥሎም "ከእንግዲህ ሥልጠናው በመፈክር ይከፈታል" ብሎ ወሰነ። ግርማ ያኔ ከጣሪያው ወርዶ አፈጠጠብኝ።

ከሥልጠናው አልተባረርኩም!

ማክሰኞ

ጉሮሮዬ ሻክሯል። በባሕር ዛፉ መንገድ ስመጣ አሁንም ፈርቻለሁ፤ ያንን አልክድም።

ሥልጠናው በመፈክር ተከፈተ። ግርማ መፈክሩን ያሰማው ጥርሱን ነክሶ ነው። ከዚያ የፊተኛው ሰልፍ ላይ አቆመኝ፤ ክብር መስሎኝ ነበር። "እሑድ ለሕዝብ የተናገረች ዛሬ ለእኛ ትጩህልን። ብቻዋን።"

ሰነዘርኩ። "ኪያ" አልኩ፣ አይጥ የምታክል። ሳቁ። በዚህ መሳቅ አያስከስስም፤ ስለዚህ ደህና አድርገው ሳቁ። ደገምኩ። ጭራሽ ምንም አልወጣም።

"ይኸው ነው? እሑድ አፍሽ ስንት ነበር!" አለና ሊያስተካክለኝ መጥቶ ክንዴን ያዘ። ያ ሰውዬ የያዘኝ ቦታ ላይ። እሱ አያውቅም። ክንዴ ግን አወቀው።

"እምቢ!"

ከእኔ ነው የወጣው። የቆርቆሮው ጣሪያ መለሰው። ግርማ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ። እኔም ደነገጥኩ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ይህን ቃል ጮሆ የተናገረ ሰው አላውቅም። ጓድ ታደሰ አለመኖሩን ያየሁት ከጮህኩ በኋላ ነው።

"ኪያ ነው የሚባለው" አለ ዳንኤል።

"ተዋት" አለ ግርማ። "ከሆድ ነው የመጣው። ሁላችሁም እንደዚያ ጩኹ።" አንቱታውን ልመልስለት አሰብኩ። ትንሽ ይቆይ ብዬ ተውኩት።

ስንወጣ ጫማ ጠፍቷል። ጎረምሳው ማን ጮኸ ብሎ ሊያይ በሩን ትቶ ገብቶ ነበር። የኔ አለ፣ የዳንኤልም አለ፣ የሁሉም አለ። የጠፋው የግርማ ነው፤ ክሩን ሲያስር የሚውልበት ያ ጥቁር ጫማ። በባዶ እግሩ ጠጠሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"አንቺ እያለሽ አንድም ጫማ ጠፍቶ አያውቅም" አለኝ። ድምፁ ለስልሷል። "እስቲ ለጊዜው፣ ሐሙስን ብቻ..."

"እምቢ" አልኩት። ይህኛውን አልጮህኩትም፤ ደህና እደሩ በሚባልበት ድምፅ ነው ያልኩት። ሰምቷል።