ስለ ግራ ጉንጬና ስለ ልጄ ጉዞ

እኔ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በመንገዱ ጥግ ባለችው ፀጉር ቤት ቆሜ የሰው ራስና የሰው ጺም ሳስተካክል የኖርኩት ፀጉር አስተካካይ፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ መጋቢት ዐሥራ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በመኖሪያ ቤቴ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ በተቀመጠው ወንበር ላይ ሆኜ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው፤ ልቤም እንዲሁ። የተበላሸው ግራ ጉንጬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሕይወቴ ይሞግተኛል እንጂ፣ ስሞት ተናግሮ የሚመሰክር አይደለም። ማንም አላስገደደኝም፤ ጫማ ሰሪው ጓደኛዬ «ቶሎ በል እንጂ፣ ሥራ ፈትቼ አልመጣሁም» እያለ ከመነዝነዙ በቀር።

ይህን ወረቀት የማያውቀኝ ሰው ቢያነበው ግራ እንዳይጋባ ሕመሜን ላስረዳ። የነርቭ ሐኪሙ «የፊት ነርቭ ሕመም ነው» ብሎኛል። ከጆሮዬ ሥር ይነሣና እንደ ኤሌክትሪክ እስከ ከንፈሬ ድረስ ይወርዳል፤ ግማሽ ደቂቃ፣ ሲብስ አንድ ደቂቃ ይቆይና ይሄዳል። የሚቀሰቅሰው ትንሽ ነገር ነው፦ የበር ንፋስ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ማኘክ፣ አንዳንድ ጊዜም ማውራት። አፌን ለመዝጋት ከዚህ ሌላ መንገድ አልተገኘም ብለው ደስ የሚላቸው የቀድሞ ደንበኞች እንዳሉኝ አውቃለሁ። የስንቱን ፊት ስዳስስ ኖሬ ዛሬ የራሴን የሚነካ ጠፋ። ቀኙ ይላጫል፤ ግራው እንደ ልቡ አድጓል። ግማሽ ጺም ይዞ የሚዞር ፀጉር አስተካካይ ለሙያው ምን ዓይነት ማስታወቂያ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

አንደኛ፤ ይህ ቤትና ፀጉር ቤቷ ለወንዱ ልጄና ለሴቷ ልጄ እኩል ይሁኑ። ቢያከራዩም ቢሸጡም መብታቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ እከለክላለሁ፦ ማንም ሰው «ቤቱን የሚጠብቅ ያስፈልጋል» ብሎ ሴት ልጄን እዚህ እንዳያስቀራት። ግድግዳ ራሱን ይጠብቃል።

ሁለተኛ፤ በሩቅ ከተማ የሚኖረው ወንዱ ልጄ ባለፈው ዓመት የላከልኝን ማራገቢያ ከነካርቶኑ እመልስለታለሁ። ልጄ ሆይ፣ ንፋስ ለሚያሳምመው አባት ማራገቢያ የላከ ሰው ከአንተ በፊት ሰምቼ አላውቅም። በስልክ ስንት መድኃኒት አዘዝክልኝ! አንድ ሰሞን ነጭ ሽንኩርት ተቀባ አልከኝ፤ ሌላ ሰሞን ደግሞ ማስቲካ አኝክ፣ መንጋጋህ ይፍታታል አልከኝ። ፍቅርህን አልተጠራጠርኩም፤ ሐኪምነትህን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስትደውል ምክሩን ተወውና የልጆችህን ወሬ ንገረኝ። አንተ አውራ፣ እኔ እሰማለሁ። ማውራት እንጂ መስማት አያመኝም።

ሦስተኛ፤ ጫማ ሰሪው ጓደኛዬ። ሕመሙ በጀመረኝ ዓመት «ይሄማ ጥርስ ነው፤ አስነቅለውና ተገላገል» ያልከኝ አንተ ነህ። ሰምቼህ አንድ ጤነኛ ጥርስ አስነቀልኩ። አልተሻለኝም። «ጎረቤቱ ነው እንጂ እሱ አልነበረም» አልከኝ፤ ሁለተኛውንም አስነቀልኩ። አይ አንተ! ጫማ ሲጠብብህ እግር ትቆርጣለህ እንዴ? ምስክር የሆነ ሰው አይወርስም ብሎ ይህን ቃሌን የሚጽፍልኝ ጸሐፊ ስለነገረኝ ከእኔ የምታገኘው ዕቃ የለም። ሁለቱን ጥርሶቼን ግን ይቅር ብዬሃለሁ። ይህን ስናገር ጥርሱን አውጥቶ ስቋል፤ ሠላሳ ሁለቱም አሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስላሳፈረኝ ነው ሳቅ ሳቅ የምለው።

ሴት ልጄ የመሬት ቅየሳ ተምራለች። ትምህርቷን ጨርሳ ዲፕሎማዋን ይዛ በመጣች በወሩ እኔ ታመምኩ፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። መሬት ልትለካ የተማረችው ልጅ የእኔን ክኒንና የውሃ ሙቀት ስትለካ ኖረች። በዚህ ቤት ያለውን ሥርዓት ሁሉ ያበጀችው እሷ ናት። በር ከመከፈቱ በፊት መስኮት ይዘጋል። ፎጣው በለብታ ውሃ ይነከርና መጀመሪያ በአስታማሚው ክንድ ላይ ይሞከራል። እንግዳ በቀኜ በኩል ይቀመጣል። ፊቴን የሚነካ ሰው አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ጠይቆም መልሱን ይጠብቃል። ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ይላል፤ ሾርባው ቀዝቀዝ ሲል በመምጠጫ ይጠጣል። ሕመሙ ሲመጣ ማንም በላዬ ላይ አይጯጯህም፤ አጠገቤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሕመሙ የመጣበትን ሰዓትና የቀሰቀሰውን ነገር በደብተር ላይ በመስመርና በነጥብ ሥላ ይዛለች። ፊቴ የራሱ ካርታ አለው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው አባት ስስታም ቢሆን አይገርምም፤ እኔም ስስታም ሆንኩ።

ራቅ ባለ አገር ያሉ መሬት ቀያሾች ሁለት ጊዜ ለሥራ ጠሯት። ሁለት ጊዜም «አባቴን ማን ይረዳዋል?» ብላ መልሳ ጻፈች። በመካከሉ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። የቤት ለቤት እንክብካቤ ከሚሰጠው ድርጅት ሦስት ረዳቶች ተራ በተራ መጥተውልኝ ነበር። ሦስቱም ለእኔ የማይሆኑ ሆነው ተገኙና ሄዱ፤ በዚህ ሰፈር የሚታወቀው ይህ ነው።

ውሸቴን ነው። ጸሐፊው፣ ያ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ ጎረቤቴ፣ «ከእውነት የራቀ ቃል ሰጥቻለሁ» ብሎ ሊጽፍልኝ ነበር፤ ኧረ ተው፣ እንደተናገርኩት ጻፍ ብየዋለሁ። ውሸቴን ነው። የመጀመሪያዋን «እጇ በረዶ ነው» አልኩ፤ እጇ ከእኔ እጅ ይሞቅ ነበር። ሁለተኛውን «ሲሠራ ያፏጫል፣ ትንፋሹ ጉንጬን ይነካኛል» አልኩ፤ ያ ሰው እንኳን ሊያፏጭ ደህና አደሩ ለማለትም የሚያፍር ነበር። ሦስተኛዋ ላይ እንከን አጣሁ። አንድ ወር ሙሉ ፈለግኩ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ፎጣውን ይዛ «ልንካዎት አባባ?» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ፎጣው ገና ሳይደርስብኝ ጮህኩ። አላመመኝም ነበር። ልጅቷ ያሳመመችኝ መስሏት እያለቀሰች ደረጃውን ወረደች፤ በመሥሪያ ቤቷም መዝገብ ላይ «ታማሚውን በግዴለሽነት አሳመመች» ተብሎ ተጻፈባት።

ይህን ሁሉ ያደረግኩት ልጄ ትታኝ እንዳትሄድ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስለዚህ አራተኛ ብዬ የማዝዘው፣ የዚህ ገጽ ግልባጭ ነገ ጠዋት ለድርጅቱ ይድረስ፤ የልጅቷም መዝገብ ይታረም። እኔም ጉንጬን በሻርፕ ጠቅልዬ ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ጫማ ሰሪው ይሸኘኛል፤ መንገድ ላይ ስለ ጥርስ ካላወራኝ።

ስለ አራተኛዋ ረዳት ደግሞ ልናገር። «ቀስታ» ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ከአፏ «ቀስ» የሚለው ቃል ስለማይጠፋ። ዐሥራ አንድ ሳምንት ሆናት። በእሷም ላይ የቆየ አመሌን ሞክሬ ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ ስላት ጠብታ ክንዷ ላይ አድርጋ ሞከረችው። ወንበሩ ተዛነፈ ስላት አጎንብሳ አራቱንም እግሩን አየች። አንድ ቀን ደብተሩን ይዛ ከፊቴ ቁጭ አለችና፣ «አባባ፣ ለዛሬ የትኛውን ጥፋቴን መረጡልኝ? አስቀድመው ቢነግሩኝ ጊዜ እንቆጥብ ነበር» አለችኝ። እጄን ሰጠሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ገበያ ሄዳ ሳለ ሕመሙ መጣብኝ። ቀስታ መስኮቱን ዘጋች፣ በቀኜ ተቀመጠች፣ አንድም ቃል አልተናገረችም። ሲያልፍ እጄን አነሣሁ። ሰዓቱንና የመጣበትን ምክንያት በደብተሩ ላይ ጻፈች። ለልጄ ሳልነግራት ዋልኩ፤ ብነግራት መሄድ እንደምትችል ታውቅብኛለች ብዬ።

ቀስታም ምስክር ስለሆነች ከእኔ ምንም አትወርስም። ከእኔ የምታገኘው ይህንን ፊት ብቻ ነው፤ ሌላ የሚፈልገው ሰው ቢኖር ኖሮ አሳልፌ እሰጠው ነበር።

አምስተኛ፤ የመጨረሻውም። ቀያሾቹ ለሦስተኛ ጊዜ ጽፈዋል። ደብዳቤው በቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር ነው፤ ደበቅኩት ብለሽ ነው፣ ልጄ? ፎጣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልገኝ ረሳሽው? ሥራው ቅዳሜ ይጀምራል። ጸሐፊው «ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት ነው» ይለኛል። ይህ አንቀጽ ግን እኔ በሕይወት እያለሁ ይፈጸም። ልጄ ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ትሂድ። ደብተሩ ከቀስታ ጋር ይቅር። ጠዋት ጠዋት ቀስታ፣ ከሰዓት በኋላ ድርጅቱ የሚልከው ሌላ ረዳት ይምጣልኝ፤ እንከን እንደማልፈልግበት በዚህ ወረቀት ቃል ገብቻለሁ። እሁድ እሁድ ጫማ ሰሪው ይቀመጥልኛል፤ በቀኜ በኩል፣ ምክር ሳይሰጥ።

ልጄ ሆይ፣ ናፍቀሽኝ እንደምታመም አልደብቅሽም። ያንን ግን የፊት ነርቭ ሐኪም አያክመውም፤ አንቺም እዚህ ብትቀመጪ አታክሚውም። ሂጂና ሰፊ ሜዳ ለኪ። ስትደውዪ ሜዳው ስንት ሜትር እንደሆነ ንገሪኝ። የሚገባኝ አይመስለኝም፤ ግን እሰማለሁ።

ይህ ቃሌ በምስክሮች ፊት ተነብቦልኛል፤ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም፤ በእጄ ፈርሜያለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ጫማ ሰሪው (ፊርማ)
የላይኛው ፎቅ ልብስ ሰፊዋ (ፊርማ)
ቀስታ፣ የቤት ለቤት ረዳት (ፊርማ)
ጽፌ ያነበብኩት የመዝገብ ቤት ጡረተኛው (ፊርማ)

ከፊርማዎቹ በታች የተናዛዡ ሴት ልጅ በራሷ እጅ እንድትጽፍ ጠይቃ፣ ተናዛዡም ፈቅዶላት ይህን ጽፋለች፦

«ሰምቻለሁ። አባዬ ሦስቱን ረዳቶች እንዴት እንዳባረራቸው ሲናገር አልደነገጥኩም፤ አውቅ ነበር። እውነተኛው ሕመም ሲመጣበት ግራ ዐይኑ ያነባል። ሦስተኛዋ ረዳት ፎጣ ይዛ በቆመችበት ጠዋት ዐይኑ ደረቅ ነበር። ደረጃው ላይ ደርሼባት ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነግሬያታለሁ፤ ለመሥሪያ ቤቷ ግን አልነገርኩም፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ሊጠይቃት ሲሄድ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ሁለቱን የሥራ ጥሪዎች የመለስኩት በእሱ የተነሣ አይደለም። ስድስት ዓመት የመለኪያ መሣሪያ ሳልነካ ቆይቼ፣ ሜዳ ላይ ቆሜ ‹አላውቅም› ማለትን ፈራሁ። አባቴ መታመሙ ሰው የማይጠይቀው ምክንያት ሆነልኝ። እሱ እንዳትሄድብኝ ሲዋሽ እኔ እንዳልሄድ ዝም አልኩለት። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ።»

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ይህ ለተናዛዡ ሲነበብለት «እኔ ብቻ ቀጣፊ መስሎኝ ስድስት ዓመት አፍሬ ኖርኩ!» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ሕመሙ ተነሣበት። ሴት ልጁ ከወንበሯ ብድግ ልትል ስትል ራሷን ገታች፤ ሁለት እጆቿንም ጭኗ ሥር አደረገች። ቀስታ መስኮቱን ዘግታ በቀኙ ተቀመጠች። ጫማ ሰሪው በእጅ ሰዓቱ አርባ ሰኮንድ ቆጠረ። ተናዛዡ እጁን አነሣ፤ ግራ ዐይኑን ጠረገና «ጻፍ» አለኝ። «ልጄ ከወንበሯ አልተነሣችም፤ እኔም አልሞትኩም።» ጽፌያለሁ።