ሁለቱን ወንበር ለይተው ያስረከቡን አቶ ግርማቸው ከተማ

ከትጋት ጭነት ማመላለሻ ኩባንያ የዳይሬክተሮች ቦርድ፣ ባለአክሲዮኖችና ሠራተኞች
ኮለምበስ፣ ኦሃዮ

የኩባንያችን መሥራችና የቦርድ ሊቀመንበር አቶ ግርማቸው ከተማ፣ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ኖቬምበር 9 ቀን 2022 ዌስተርቪል በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሀዘናችን ከባድ ነው። ይሁንና ይህን መግለጫ የምናወጣው አንገታችንን ደፍተን አይደለም። አቶ ግርማቸው ያሰቡት ሞልቶላቸው፣ ዓይናቸው እያየ አሸንፈው የሄዱ ሰው ናቸውና ቀና ብለን እንናገራለን።

አቶ ግርማቸው በዲቪ አሜሪካ ገብተው፣ ፍራንክሊንተን ሰፈር ውስጥ ከጓደኞቻቸው ጋር ተከራይተው እየኖሩ በመጋዘን ሠርተዋል፤ በኋላም የሰው ትራክ ነድተዋል። ኮለምበስ አጠገብ ኦቤትስ ላይ ኩባንያችንን ሲያቋቁሙ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አምኗቸው ባለአክሲዮን ሆኖ አብሯቸው ገባ። የቦርድ ሊቀመንበርም ዋና ሥራ አስኪያጅም እሳቸው ነበሩ። ሥራውን የሚያሠሩትም፣ በደንብ መሠራቱን የሚቆጣጠሩትም እሳቸው ማለት ነው። ይህ ልክ አይደለም ብሎ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። ጋሼ እያሉ ማን ይናገራል!

2020፤ ኮሮና ገብቶ ሥራው በበዛበት ወቅት አቶ ግርማቸው በዚያው በሽታ ሆስፒታል ተኙ። ያኔ ጉዳችን ታየ። በራሱ መወሰን የለመደ አንድም ሰው አልነበረምና፣ ኦክስጅን ለተሰካላቸው ሰው ስልክ እየደወልን “ጋሼ፣ ጎማው ይቀየር ወይስ ይቆይ?” እንል ነበር። ሳንጠይቃቸው ብንሠራ የደፈርናቸው ይመስለን ነበር። እሳቸው መናገር ሲያቅታቸው የተጫኑ ትራኮች ግቢያችን ውስጥ ቆመው ቀሩ። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ፤ ኩባንያው የመዘጋት አፋፍ ላይ ደረሰ።

2021፤ አቶ ግርማቸው ተሽሏቸው ሲመለሱ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው ሁለቱ ኃላፊነቶች እንዲለያዩ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ቦርዱን ይመራል፣ አቅጣጫ ያስወስናል፣ ሥራ አስኪያጁን ይቆጣጠራል። ስምሪቱን፣ ቅጥሩንና ውሉን ግን ሥራ አስኪያጁ ይወስናል። ጉባኤው ተንጫጫ። “ሥልጣን ተለምኖ ሲወሰድ እንጂ ተለምኖ ሲመለስ አላየንም” ያሉም ነበሩ። እሳቸውም “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኔን እኮ ሸክሙ ሊገድለኝ ነበር!” ብለው ጉባኤውን አሳቁት። የስምሪት ኃላፊያችን የነበሩት ወይዘሮ ሐምራዊት ሲሞን ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ።

መለየቱ በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። እኛን ማስለመዱ ግን አሳር ሆነባቸው። አሁንም ለሁሉ ነገር ወደ እሳቸው እንደውላለን፤ እሳቸው “ሐምራዊትን ጠይቁ” ብለው ይዘጉታል። ቢሮ ብቅ ሲሉ ሁላችንም ብድግ እንላለን፤ ወይዘሮ ሐምራዊት ራሳቸው ወንበራቸውን ይለቁላቸዋል። አቶ ግርማቸውም በር አጠገብ ያለችውን የእንግዳ ወንበር ስበው “ተቀመጪ አንቺ! የኔ ይቺ ናት” ይሏቸው ነበር።

2022፤ አንድ ትልቅ የመጋዘን ድርጅት ዓመቱን ሙሉ የሚያሠራ ውል አቀረበልን። አቶ ግርማቸው በጣም ወደዱት። ወይዘሮ ሐምራዊት ግን ፕሮግራሙ ሾፌሮቻችንን ዕረፍት የሚነሳ ነው፣ አልፈርምም አሉ። በቦርዱ ስብሰባ ላይ የሁላችንም ዓይን ሊቀመንበሩ ላይ አረፈ። ያን ቀን የሥራ አስኪያጇን ውሳኔ ሽረው ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ወንበር ነገር ለይስሙላ ሆኖ በቀረ ነበር። እሳቸውም “እኔ ፈርሙ ባይ ነኝ። ግን ውል የሷ ነው ብለን ወስነናል፤ አለቀ” አሉ። ውሉ ሳይፈረም ቀረ። ሰመር ላይ ያው ድርጅት ፕሮግራሙን አስተካክሎ ተመልሶ መጣ፤ ያኔ ተፈረመ። አቶ ግርማቸው ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ “ረታችኝ እኮ! ይቺ ልጅ ረታችኝ!” እያሉ ሲስቁ ከረሙ። በገዛ ኩባንያው ተረትቶ እንዲህ የፈነጠዘ ሰው አይተን አናውቅም።

ያረፉ ዕለት ጠዋት ሾፌሮቻችን መርዶውን ሰምተው ኦቤትስ ግቢያችን ተሰብስበው ነበር። በእኛ ልማድ ሰው ሲሞት ሥራ ተጥሎ ወደ ልቅሶ ነው የሚኬደው። ጭነቱ ደግሞ ተጭኗል። እንውጣ፣ እንቅር ሲባል አንጋፋው ሾፌራችን አቶ ወልደየሱስ ስልካቸውን አወጡና “ቆይ፣ ጋሼን ኮል ላድርግ” አሉ። ወዲያው ያሉት ነገር ገባቸውና ስልኩን እንደያዙ ቀሩ። እያለቀስን ሳቅን። ወይዘሮ ሐምራዊትም ቃል የገባነው ጭነት ይደርሳል፣ ከዚያ ሁላችንም ልቅሶ ቤት እንገናኛለን ብለው ወሰኑ። ማንንም አላስፈቀዱም። ትራኮቹም ወጡ። አቶ ግርማቸው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ የቆመው ኩባንያ፣ በሞቱ ጊዜ አልቆመም። ይህ የእሳቸው ድል ነው፤ እንኮራበታለን!

ከሰዓት በኋላ የሥራ ልብሳችንን እንደለበስን ዌስተርቪል ስንደርስ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ እናናዬ መጀመሪያ የጠየቁን “ጭነቱ ደረሰ?” ብለው ነው። ደርሷል አልናቸው። “እሰይ! እንኳን አላሳፈራችሁት” አሉን።

ቦርዱ ከአባላቱ መካከል ወይዘሮ ሩቅያ ሙሳን ሊቀመንበር አድርጎ መርጧል። ወይዘሮ ሐምራዊት በዋና ሥራ አስኪያጅነታቸው ይቀጥላሉ። ለወይዘሮ እናናዬ፣ ለልጆቻቸው፣ ለወዳጅ ዘመዶቻቸውና አብረዋቸው መሪ ለጨበጡ ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን፤ የእናንተ ሀዘን የእኛም ነው።

በዚህ የሀዘን ሰሞን የሥራ ጥያቄ ያላችሁ ሾፌሮችና ደንበኞች፣ ሊቀመንበራችን እስከ መጨረሻው ሲነግሩን እንደኖሩት፣ ሐምራዊትን ጠይቁ።