የእማዬ ቆቆች

እሑድ፣ ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፰ ዓ.ም.፣ ፒያሳ

እማዬ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እህል አልቀምስ ብላ ነበር። ትናንት ግን ድንገት «ቆቅ አማረኝ» አለች። አባባ ፍሬ የሚረጨውን ረሽ ጠመንጃቸውን ያዙና ዛሬ ገና ሲነጋጋ ወደ ሱሉልታ ወጣን። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ቆቅ መቱ። ነፍሳቸው ሳትወጣ ደርሰው ባርከው አረዷቸው። እኔ ከረጢት ውስጥ ልከታቸው ስል «ተይ ልጄ! ገላቸው ገና ትኩስ ነው፤ ከታፈኑ ይበላሻሉ» አሉኝ። እዚያው ሆዳቸውን አጽድተው፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ፈልገው ሰቀሏቸው።

ስንመለስ ኬላው ላይ ለፍተሻ አቆሙን። ፀሐዩ ከረረ። አባባ ኮታቸውን አውልቀው ለወፎቹ ጥላ ያዙላቸው።

«አባት፣ ለማን ነው ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ?» አለ አንዱ ወታደር።

«ለባለቤቴ። ታማብኛለች።»

ወታደሩ መንገዱን ከፈተልን።

ማታ አባባ ራሳቸው አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው አጎረሷት። እማዬ ቀስ ብላ አኝካ ዋጠች።

«የጥይቱን ፍሬ ሁሉ ለቅመው አወጡልኝ?» አለቻቸው።

አባባ ሌላውን ጉርሻ በጣታቸው ዳብሰው አቀረቡላት። እሱንም በላችው።