የእትዬ በለጡ አውራ ጣት

አንኮበር፣ ግንቦት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዛሬ ስናደድ ነው የዋልኩት። ዘይነባ ጨቅላ ልጇን ታቅፋ ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥታ እኛ ቤት መጣች። ምጡ ከብዶባት ስለነበር ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አንገቱን ወደ ግራ አያዞርም፤ አንድ ጡት ብቻ እየጠባ ከስቷል። ሕፃናት የምታሸው አክስቴ ደግሞ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሄዳለች። እማዬ፣ «ልጄም ታውቅበታለች» ብላ ገፋችኝ። ማን ጠየቀኝ?

እንደ አክስቴ መዳፌን ቅቤ ቀብቼ ከልጁ ራስ ሥር አስገባሁና ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ሥራው ሳይጫኑ መጠበቅ ነው። ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ግን አላስቻላቸውም።

«ጫን በይው እንጂ! እንቁላል ነው እንዴ?»

ዘይነባ፣ «ኧረ በአላህ ተዉአት» ብትል ማን ሰምቷት! ልጁ ትንፋሹ ሰከን ሲል አውራ ጣታቸውን እርግብግቢቱ ላይ ሊያሳርፉ መጡ።

«እጅዎን ያንሱ!» ብዬ ጮህኩ። እኔ!

እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጁ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረና ዘይነባ ስታቀርብለት የተወውን ጡት ጥቂት ሳበ። ነገም ይጠባ እንደሆነ አላውቅም።

እማዬ ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ነገ የእትዬ በለጡን ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ» ብቻ ነው የምትለው። እሺ፣ እስማለሁ። ዘይነባ ልጁን ይዛ ስትመለስ ግን እሳቸው እንዳይገቡ በሩን ከውስጥ እቀረቅራለሁ።